«ደበረኝ» እና «ደባሪ ነው»

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 27 ነው። የምኖረው ገርጂ ነው፣ የምሠራው ባንክ ውስጥ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ስድስት ሰባት ሆነን ማኪያቶ እንጠጣለን። ጨዋታችን ሁልጊዜ ስለ መጽሐፍ፣ ስለወጣ አልበም፣ ስለ ፊልም ነው። መጀመሪያ ላይ ዓርብ እስኪደርስ ይናፍቀኝ ነበር። አንድ ቀን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጀምሬ 60ኛው ገጽ አካባቢ እንደተውኩት ተናገርኩ። ደባሪ ነው አልኩ። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ባልደረባ አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። «አማርኛ አይገባሽም እንዴ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ሌላ ቀን ደግሞ በጣም የምወደውን አንድ አዲስ አልበም ሳነሣ ሙድ ያዙብኝ። የታክሲ ዘፈን ነው አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ዘዴ ፈጠርኩ። ዓርብ ከመድረሱ በፊት ሰው ስለ መጽሐፉ ወይም ስለ ፊልሙ የጻፈውን አነብና እሱን እደግማለሁ። ማንም አይስቅብኝም። ባለፈው ወር ግን ስለ «ጤዛ» ፊልም ተነሣ። አላየሁትም። «ልቤን ነው የነካኝ» አልኩ። አንዷ ጓደኛችን «እኔ እግሩን ያጣበት ቦታ ነው ከዓይኔ አልጠፋ ያለው፣ አንቺስ?» አለችኝ። «አዎ፣ ጦርነቱ በጣም ያማል» አልኳት። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ማንም ምንም አላለኝም። ወሬ ተቀየረ። እሱ ነው የባሰብኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓርብ ቀርቻለሁ። እውነት ጣዕሜ የወረደ ነው? ወይስ ሰው ሐያሲ ካልሆነ ዝም ማለት አለበት? — ዝምተኛዋ ከገርጂ»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉም በላይ የያዘኝ ያ ጸጥታ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። «ጤዛ» የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ጀርመን ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ፊልሙ ውስጥ አብዮት አለ፣ ጦርነት አለ፣ የደርግ ዘመን ፍርሃት አለ። አንበርብር እግሩን ያጣው ግን በጦርነት አይደለም። ጀርመን አገር ዘረኞች ጥቃት አድርሰውበት ነው።

ፊልሙን ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ጓደኞችሽም አልሳቱትም። ግን አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ያን ዕለት ማንም አልሳቀም። ስለ መጽሐፉ የተሰማሽን ስትናገሪ የሳቁ ሰዎች፣ ስለ ፊልሙ ስትዋሺ ዝም አሉ። አንቺ ጸጥታውን እንደ ፍርድ ቆጠርሽው። እኔ ሳስበው ሸፈኑሽ። መጀመሪያ ወሬውን የቀየረው ማን እንደነበር ታስታውሻለሽ? ካስታወስሽ እሱን ሰው አጥብቀሽ ያዢው። ገመናሽን አይቶ ፊቱን ያዞረልሽ ወዳጅ ነው።

እና እባክሽ «ሁሉም ናቁኝ» ብለሽ ቤትሽ አትቀመጪ። ሁለት ዓርብ ይበቃል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጣዕምሽ ወርዷል ብዬ አላስብም። የተበላሸው አነጋገርሽ ላይ ያለች አንዲት ነገር ናት። ጋሼም፣ ጓደኞችሽም እንደ አንቺው አበላሽተዋታል። እኔም ብዙ ዓመት አበላሽቻታለሁ። ቋንቋችን ውስጥ በጣም የምወዳት አንዲት ፊደል አለች፣ «ኝ»። «ደባሪ ነው» ይባላል። «ደበረኝ»ም ይባላል። ስንናገረው አንድ ይመስላል። አንድ አይደለም።

«ደባሪ ነው» ስትዪ በመጽሐፉ ላይ ፈረድሽ። ለአንቺም፣ ለጋሼም፣ ለእናትሽም ደባሪ ነው ማለትሽ ነው። ያን መጽሐፍ በልጅነታቸው የወደዱ ሰው ፊት ለፊትሽ ተቀምጠዋል። እሳቸውን ጨምረሽ ነው የፈረድሽው። ስለዚህ ተቆጡ። «ደበረኝ» ስትዪ ግን የመሰከርሽው ስለ ራስሽ ነው። ማንም ተነሥቶ «አልደበረሽም» ሊልሽ አይችልም። ሊልሽ የሚችለው «የቱ ጋ ደበረሽ?» ብቻ ነው። «የቱ ጋ» ከተባለ ደግሞ ጨዋታ ተጀመረ ማለት ነው።

ሌሎቹንም እያቸው። «ምርጥ ነው» አለ፣ «ተመቸኝ» አለ። «ትርጉም የለውም» አለ፣ «አልገባኝም» አለ። «ያካብዳል» አለ፣ «ከበደኝ» አለ። «ውሸት ነው» አለ፣ «አላሳመነኝም» አለ። ሁለተኛዎቹን ስትዪ ሰውየው ወንበሩን ወደ አንቺ ይስባል። የመጀመሪያዎቹን ስትዪ ክርክር ያነሣብሻል። እኔ በቤቴ ሞክሬዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር ስለ ፊልም የተጣላነው ሁሉ «ነው» እና «አይደለም» ስንባባል ነው።

ግን «ኝ» ዕዳ አለባት። ከሰው መዋስ አትቻልም። «ምርጥ ፊልም ነው» የሚለውን ከፈለግሽው ሰው ትወስጃለሽ። «ነካኝ»ን ግን ማንም አያበድርሽም። እዚያ ቦታ ተገኝተሽ፣ ራስሽ ተነክተሽ መሆን አለበት። አንቺ ስለ «ጤዛ» የተናገርሽው እንዲያው «ጥሩ ነው ይላሉ» ቢሆን ኖሮ ምንም አይመጣብሽም ነበር። የተዋስሽው «ልቤን ነካኝ»ን ነው። ለዚህ ነው አንዲት ቀላል ጥያቄ የጣለችሽ።

ሰው የጻፈውን ማንበብሽ ጥፋት አይደለም። እኔም አነባለሁ። «አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጽፎ አነበብኩ፣ እኔ ገና አላየሁትም፣ እውነት ነው?» በይ። ይህ ጥያቄ ጠረጴዛውን ሙሉ ያናግራል። አንቺም አንድ ማኪያቶ እስኪያልቅ ስትሰሚ ትቆያለሽ፣ ደስ ይላል።

እዚህ ላይ ከራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሃያ ምናምን ዓመት ይሆነዋል። አንዲት ጓደኛዬ ልብ ወለድ አዋሰችኝ። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተሸፍኗል፣ ጠርዙ በፕላስተር ተይዟል። መሐሉ ላይ የሻይ ጠብታ አለ። በሁለተኛው ቀን መለስኩላት። «ቀሽም ነው፣ ጊዜ ማባከኛ» አልኳት። ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምንም አላለችኝም።

ያን መጽሐፍ ያነበበችው እናቷን ስታስታምም፣ ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጣ እያደረች ነበር። እናቷ ሲነቁ ጮክ ብላ ታነብላቸው ነበር። እናቷ ከዚያ አልጋ አልተነሡም። ይህን የሰማሁት ከዓመት በኋላ፣ ከሌላ ሰው አፍ ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «መጽሐፉ እኮ ጥሩ ላይሆን ይችላል፣ እኔም አውቃለሁ» አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ንግግሯ ነው። ምናልባት ስለ መጽሐፉ አልተሳሳትኩም። ግን «ጀመርኩት፣ እኔን አልያዘኝም፣ አንቺን ምኑ ያዘሽ?» ብዬ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት ትነግረኝ ነበር። አብሬያት አለቅስ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዋን ተሸከመችው።

ስለዚህ ስለ ጋሼ ሳስብ ዝም ብዬ ልፈርድባቸው አልቻልኩም። «አማርኛ አይገባሽም እንዴ?» ማለታቸው ልክ አልነበረም። ሰው ፊት አሳፈሩሽ። አንድ ወጣት ከ500 ገጽ በላይ ያለውን መጽሐፍ አንሥታ 60 ገጽ ከሄደች «አይዞሽ፣ ትንሽ ግፊ» ነው የሚባለው። ግን እሳቸው ያን መጽሐፍ እንዴት እንዳገኙት ታውቂያለሽ? ጠይቀሻቸው አታውቂም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ያገኘው በጆሮው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት ተርኮታል። ቤት ውስጥ አንድ ሬዲዮ ነው ያለው። እሱ ሲጀምር ልጁም፣ ሠራተኛዋም፣ ጎረቤትም ይሰበሰባል። ማንበብ የማይችሉ አያቶች ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቋታል። ስለ ጉዱ ካሣ እንደ ዘመድ ያወሩ ነበር። ሰፈር ውስጥ አፉን የማይሰበስብ፣ ያየውን የሚናገር ሰው «ጉዱ ካሣ» ይባላል እስከ አሁን። ጋሼ በዕድሜያቸው ከእነዚህ የሬዲዮ ልጆች አንዱ ከሆኑ፣ አንቺ «ደባሪ ነው» ስትዪ የሰሙት መጽሐፍ ሲነቀፍ አይደለም። ያ ሬዲዮ የነበረበት ክፍል ሲነቀፍ ነው የሰሙት። እናታቸው ሲነቀፉ ነው።

ጠይቂያቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ መጀመሪያ ያነበቡት መቼ ነው? ወይስ በሬዲዮ ነው የሰሙት?» በያቸው። መልሱን እስኪጨርሱ አታቋርጫቸው። እኔ የማውቃቸው እንዲህ ያሉ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከጠየቅሻቸው ማኪያቶውን ራሳቸው ይከፍላሉ።

ስለ 60ኛው ገጽም አንድ ነገር ልበልሽ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ወዲያው አያገናኙም። መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ በዛብህ ወላጆች፣ ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ ነው። ፍቅር ብሎ ለጀመረ ሰው ይህ ይረዝማል። ለእኔም ረዝሞብኝ ነበር። የመጽሐፉ ቋጠሮ ግን የሚታሰረው እዚያ ነው። ወላጆቹ በዛብህን ለእግዚአብሔር ይሳሉታል። ኋላ ሰብለን ሲወድ ያ ስእለት መንገዱ ላይ ይቆምበታል። ያን የዘለለ ሰው «ለምን ዝም ብለው አይጋቡም?» ሊል ይችላል። አንቺ የተውሽው እንግዲህ ይህ እየተገነባ ባለበት አካባቢ ነው። ለእኔ መጽሐፉ የተከፈተልኝ ጉዱ ካሣ መናገር ሲጀምር ነው። እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት ነው የሄድኩት።

ከፈለግሽ የወጋየሁን ትረካ ፈልገሽ ስሚው። ልብስ እየተኮስሽ፣ ሽንኩርት እየላጥሽ ይሰማል። ካልፈለግሽ ተዪው። ጎበዝ ሰው ሁሉ እሱን መጽሐፍ መጨረስ አለበት የሚል ሕግ የለም። ብቻ ስትተዪው «60 ገጽ ሄጄ ተውኩት፣ የወላጆቹ ታሪክ ረዘመብኝ» በይ። ይህ ሙሉ አስተያየት ነው። ገጹ አለበት፣ ምክንያቱ አለበት፣ አንቺ አለሽበት።

ሐያሲ ካልሆንኩ ዝም ልበል ወይ ላልሽው፦ የሐያሲ ሥራ ሌላ ነው። ሐያሲ «ኝ»ን ማለፍ አለበት። ሥራውን ደግሞ ደጋግሞ ያነባል፣ ከሌላው ጋር ያስተያያል፣ ለምን እንደቆመ ወይም ለምን እንደወደቀ ያስረዳል። ለዚያ ደመወዝ ባይኖረው እንኳ ክብር አለው። ዓርብ ማታ ማኪያቶ ላይ ማንም ያን አልጠየቀሽም። እዚያ የሚፈለገው ምስክር ነው።

አሁን ወደ አልበሙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «የታክሲ ዘፈን» የምትለዋ አባባል አንጀቴን አሳርራዋለች።

ሙዚቃ የት ነው የምንሰማው? እኔ ልጅ ሳለሁ ሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙረው ነበር አዲስ ካሴት የሚለቁት። ሰው ቆሎ እየቆረጠመ ቆሞ ያዳምጣል። ከተመቸው ገብቶ ይገዛል። ዛሬ «ክላሲክ» የምንላቸውን ብዙዎቹን ዘፈኖች ያጣራው ያ መንገደኛ ነው። የሚኒባስ ታክሲ ያን መንገድ ተክቷል። ረዳቱ ድምፁን ሲጨምረው ኋላ ወንበር ያለችው ተማሪ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ካየሽ፣ ያ ዘፈን አንድ ነገር አድርጓል። ምን እንዳደረገ መጠየቅ እንጂ ማፈር አያስፈልግም።

አስተያየት ደግሞ ይቀየራል። አጎቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የምሽቱን ዜና አያልፍም። ዜናው እስኪጀምር ሬዲዮው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ያሰማል። አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ ያዳምጥና «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ይላል። በየቀኑ። ከልቡ ነበር። ለእሱ ሙዚቃ ማለት ሰው የሚዘፍነው ነው፣ ግጥም ያለው ነው። ያለ ቃል የሚሄድ ነገር ገና ያላለቀ ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 በፈረንሳይ የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አራተኛ ሲዲውን ለሙላቱ አስታጥቄ ሰጠ። ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 የተቀረጹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ጂም ጃርሙሽ የሚባል አሜሪካዊ ዳይሬክተር «ብሮክን ፍላወርስ» የሚል ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ አስገባ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሙላቱን ሲያሳድድ ታውቂያለሽ። ለአጎቴም ውጭ የሚኖር ልጁ ያን ሲዲ ላከለት። ከፍተን አሰማነው። ጭንቅላቱን አዘነበለ። «ይሄንን መሣሪያ፣ ይሄን አመታት አውቀዋለሁ እኮ» አለ። ትንሽ ቆየ። «አሁን ዘፋኝ አያስፈልገውም» አለ።

ይህን አጎቴን እወደዋለሁ። ፊት አልገባኝም አለ፣ አልዋሸም። ኋላ ገባኝ አለ፣ አላፈረም። ከውጭ ሰው ተወደደ ብሎ «እኔማ ድሮም አውቀዋለሁ» አላለም። የዛሬ ወጣቶች የምታደንቁትን የድሮ ሙዚቃ ስታደንቁ አንዳንዴ የሚያሳዝነኝ እዚህ ጋ ነው። ውጭ አገር ሸክላው በውድ ስለተሸጠ የምታደንቁት አላችሁ። ስሙትና ካልተመቻችሁ «አልተመቸኝም» በሉ። ሙዚቃው ምንም አይሆንም።

ስለ አንቺ አልበም ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ስንት ጊዜ ሰማሽው? በካሴት ጊዜ አንድ ዘፈን መዝለል አድካሚ ነበር። ባትሪ እንዳያልቅ በእስክሪብቶ ነው የምናጠነጥነው። ስለዚህ የማንወደውንም ዘፈን እየሰማን እናልፋለን። ውስጡ የታጠፈች ወረቀት አለች፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ትናገራለች። እኛ እሷን እያነበብን ካሴቱ ይገለበጣል። ከዚያ አንድ ቀን ዕቃ እያጠብሽ የምታንጎራጉሪው ያን የማትወጂውን ዘፈን ሆኖ ታገኚዋለሽ። እኔ ላይ ስንቴ ደርሷል። አሁን በጣት ነክተን ስለምናልፍ አልበም ሰማሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሰማው ሁለት ዘፈን ነው። ሙድ የያዙብሽ ጓደኞችሽም ሁሉንም ሰምተውት ከሆነ ይገርመኛል።

አንቺ ከወደድሽው እንግዲህ ከእነሱ የበለጠ ሰምተሽዋል። ይህ ጉልበት ነው፣ ተጠቀሚበት። «አሪፍ አልበም ነው» ብለሽ አትጀምሪ። አንድ ዘፈን ምረጪ። «አራተኛው ላይ ማሲንቆው ሲገባ እኔ ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ ነው የሰማሁት፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር» በይ፣ እንዲያ ከሆነ። ወይም «ግጥሙ ላይ ይቺ መስመር ናት የያዘችኝ» ብለሽ መስመሯን ንገሪያቸው። ከዚያ ስልክሽን አውጥተሽ ያን ዘፈን ብቻ አሰሚያቸው። አጠገብሽ ላለችው አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ስጫት። ሰው ከነገሩት ይልቅ ያሰሙትን ያምናል።

አንዳንዱ አሁንም አይወደውም። አይውደደው። «እኔን አልያዘኝም» ካለሽ አመስግኚው፣ አንድ ትክክለኛ ነገር ነግሮሻል።

ስለ ፊልም ብዙ አልልሽም፣ ከላይ ብያለሁ። አንዲት ልማድ ብቻ ልንገርሽ። ሲኒማ ቤት በር ላይ ገና ዓይንሽ መብራቱን ሳይለምድ «እንዴት ነበር?» ሲሉሽ ወዲያው አትመልሺ። እኔ «ነገ ልንገራችሁ» ነው የምለው። የአማርኛ ፊልም ላይ በተለይ። ስንወጣ «ቀሽም» ካልኩት ፊልም በማግስቱ ጠዋት ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ ልጇን ስትጠብቅ የነበረችበት ትዕይንት ብቻዋን ተመልሳ መጥታብኝ ታውቃለች። ታሪኩ ተልፈስፍሷል፣ ድምፁ ተበላሽቷል። እሷ ግን አለች። ሁለቱንም መናገር ይቻላል።

አሁን የፊታችን ዓርብ። ሂጂ። ቡናው ታዝዞ ከመምጣቱ በፊት ተናገሪው፣ ከቆየሽ ይከብድሻል። «ባለፈው ስለ «ጤዛ» ያወራሁት ሳላየው ነው። አፈርኩ። አሁን ላየው ነው፣ ሌላ ነገር አትንገሩኝ» በይ። ይኸው ነው፣ አትጨምሪበት። ለምን እንደዋሸሽ ረጅም ማስረጃ አትደርድሪ፣ ጋሼ ሳቁብኝ ብለሽም ክስ አታምጪ። የጋሼን ጉዳይ በሌላ ጥያቄ ነው የምትጨርሺው፣ ከላይ በነገርኩሽ።

ፊልሙን አስቀድመሽ አይተሽ እንዳትሄጂ አደራ። ታዝቤዋለሁ፣ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ሐሙስ ማታ ያይና ዓርብ «ድሮም አይቼው ነበር፣ ተምታቶብኝ ነው» ይላል። ያን ካደረግሽ ፊልሙን ያየሽው ለማምለጫ ነው። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ይሆናል፣ አንበርብርንም መንደሩንም ሳታዪ ስለ ጠረጴዛው እያሰብሽ ታልፊዋለሽ። መጀመሪያ ተናገሪ። ከዚያ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ስልክሽን አጥፍተሽ፣ ለራስሽ እዪው። ከደበረሽ «ደበረኝ» በይ። እኔ ግን አይመስለኝም።

ይስቁ ይሆናል። ሊስቁ ይችላሉ። እውነት ተናግሮ የሚመጣ ሳቅ ያኛውን አይመስልም፣ ሲደርስብሽ ታውቂዋለሽ። ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ ሙድ የሚይዝብሽ ካለ «ሙድ አትያዝብኝ፣ ይከፋኛል» በይው፣ ረጋ ብለሽ። አሁንም «ኝ» አለችበት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ ጋሼ የሚወዱት መጽሐፍ ስም አለ። ጓደኞችሽ የሚያደንቁት ፊልም ስም አለ። አንቺ በጣም የምትወጂው አልበም ስም ግን የለም። ፈለግኩት፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩ፣ አጣሁት። ለእኔም ደብቀሽዋል። በሚቀጥለው ስትጽፊልኝ የአልበሙን ስም ላኪልኝ፣ ከየትኛው ዘፈን እንደምጀምርም ንገሪኝ።